ግራ እጅ እንዳይጨፍር

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ የኮሌጁ ጥበቃ ደወለልኝ። «እትዬ፣ በፒያኖው ሆድ ውስጥ ያለውን አምፖል ላጥፋው ወይስ ይብራ?» አለኝ።

ይብራ አልሁት። እንጅባራ ብርድና ጭጋግ የማይለያት ከተማ ናት። በክረምት የፒያኖው እንጨት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ቁልፎቹ አንዴ ከተጫኑ ተመልሰው አይነሡም። ከውስጥ ትንሽ አምፖል ከበራለት ግን ደርቆ ይከርማል። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ጥበቃው ብቻ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ሥራዬ በእርግጥ ማለቁ ገባኝ።

የሙዚቃ መምህርት ነበርሁ። ዳንግላ ጀመርሁ፣ አዲስ ቅዳም ሠራሁ፣ እንጅባራ ጨረስሁ። ስለ ሁሉም ብጽፍ ይረዝማል፤ እኔም ብዙ ማውራት አልወድም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አብሮኝ ስለኖረ አንድ የፒያኖ ድርሰት ብቻ ልጻፍ።

ድርሰቱ ኖክተርን ከሚባሉት ነው፤ የሌሊት ዜማ እንደማለት። የፈረንጆቹ ሮማንቲክ ዘመን ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ደራሲዎቹ ከሥርዓቱ ይልቅ ስሜታቸውን ያስቀድሙ ነበር፤ ስለዚህ ኖታው ላይ የተጻፈው ከሚፈለገው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ተጫዋቹ ራሱ ማግኘት አለበት። ለጣት አይከብድም። ትጉህ ተማሪ በአንድ ወሰነ ትምህርት ይለቅመዋል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀኝ እጅ ዜማውን ይዘምራል። ግራ እጅ ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ ይነካና ሁለት ለስላሳ ድምፆች ያስከትላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሁ ነው። ለፈረንጁ ይህ እንደ እሹሩሩ ያለ ነገር ነው። የእኛ ሰው ግን ሦስት ሦስት እየሆነ የሚሄድ ምት ሲሰማ ትከሻው አይችልም። ችክችካ ነዋ። ሠርጉም፣ ጭፈራውም፣ ጭብጨባውም በሦስት ነው። የዚህ ድርሰት ፈተና ለእኛ አገር ሰው እዚህ ላይ ነው፤ ግራ እጅ እንዳይጨፍር።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ምትኩ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከዳንግላ ወጥቼ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስገባ ፒያኖ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው ዜማ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙር ነበር። ጋሽ ምትኩ ክፍል እንደገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቁልፎቹ ላይ ያስቀምጣሉ። ባርኔጣው እስኪነሣ ፒያኖ መንካት የለም። ቆመን ዜማውን በአፋችን እንዘምራለን።

«የት ላይ ተነፈስሽ?» ይሉኛል።

አሳያቸዋለሁ። ኖታው ላይ በእርሳስ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ። «እንግዲህ እጅሽም እዚያው ይተንፍስ» ብለው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ።

ተጫውተው አሳይተውን አያውቁም። አንድ ቀን ለመንኋቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወቱልኝ።»

«አልጫወትም። የእኔን ከሰማሽ የእኔን ስትቀጂ ትኖሪያለሽ። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል፤ ፔዳል የምረግጠው በሕመሜ ልክ ነው። ሕመሜን ጭምር ልትቀጂ ነው?»

በሮማንቲክ ሙዚቃ ውስጥ አንድ የጣልያንኛ ቃል አለ፤ «የተሰረቀ ጊዜ» ማለት ነው። ዜማው አንዱ ድምፅ ላይ ትንሽ ይቆይና የቆየበትን ጊዜ ከሚቀጥሉት ላይ ይወስዳል። ጋሽ ምትኩ ሲያስረዱኝ ቃሉ ከነከነኝ።

«ሌባው የትኛው እጅ ነው?» አልኋቸው።

«ቀኝ እጅ ይሰርቃል፤ ግራ እጅ አላየሁም ይላል።»

«ካየስ?»

«ካየማ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ተያዙ።»

ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

የምረቃው ዕለት እናቴ ከዳንግላ መጣች። ዘመዶቿን አስከትላ ከፊት ተቀመጠች። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ፈታኞቹ በጎን ነበሩ። እንደምንም በጥሩ ጀመርሁ። ዜማው ሲመለስ ግን እጄን አላበው፤ ፍርሃት ሲገባ ደግሞ ሰው የሚሮጠው ወደሚያውቀው ነው። ግራ እጄ ወደ አገሩ ገባ። የመጀመሪያውን ድምፅ ከበድ፣ ሁለቱን ቀለል እያደረገ መዝለል ጀመረ። እኔ ከመስማቴ በፊት እናቴ ሰማችው። ማጨብጨብ ጀመረች። ዘመዶቿ ተከተሏት። ከዚያ እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «እልልልል!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀኝ እጄ መንገዱ ጠፋበት፤ ቆምሁ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ እዚያው ቦታ ስደርስ እንደገና ቆምሁ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ዲፕሎማውን አልከለከሉኝም። ረዳት መምህርት ሆኜ እዚያው እንድቀር የታሰበው ግን ቀረ።

ውጭ እናቴ አቀፈችኝ። «ምነው ልጄ፣ ደስ ሲል ለምን አቋረጥሽው?» አለችኝ። ጋሽ ምትኩ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእናቴ ጎንበስ አሉና «እንኳን ደስ ያለዎት» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በዝግታ «በእናትሽ እንዳትቀየሚ። ለሠርግ ጠራሻቸው፤ መጡ» አሉኝ።

ብዙ ዓመት ያን ቃል አላመጥሁት። ሰሚው አልተሳሳተም ማለታቸው ነበር። እጅ የተናገረውን ነው ጆሮ የሚሰማው።

ዳንግላ ስመደብ ትምህርት ቤቱ ፒያኖ አልነበረውም። በጠመኔ ዴስክ ላይ ቁልፎች ሥዬ ልጆቹን የጣት አቀማመጥ አስተማርሁ፤ ድምፁን በአፋችን እናወጣዋለን። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን በመስኮት አይተው «እመቤት፣ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ጨዋታ?» አሉኝ። «ሁለቱም ነው ጌታዬ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ክፍለ ጊዜዬን ግን አልነኩብኝም። እግዜር ይስጣቸው። አዲስ ቅዳም ደግሞ ከሰል ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ሰጡኝ። ብናጥበው ብናጥበው ከሰሉ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ልጆቹ ከሙዚቃ ሲወጡ ከአንጥረኛ ቤት የወጡ ይመስሉ ነበር። ወላጆች «የዘፈኗ ቲቸር ልጅ አጠቆረች» ብለው ይስቁብኝ ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አደረሰን። ሁለት ልጆቼን አሳድጌ ለወግ አበቃሁ፤ ተመስገን።

ያን ድርሰት በእነዚያ ዓመታት አልተውሁትም። ገበታው ከተነሣ በኋላ በጠረጴዛው ላይ ጣቶቼን አንቀሳቅስ ነበር። ልጆቼ «ዝም በሉ፣ እማዬ ጸሎት እያደረሰች ነው» ይባባሉ ነበር። ብዙም አልተሳሳቱ።

እንጅባራ ኮሌጅ ስዛወር አንድ በጎ አድራጊ የሰጠው አሮጌ ፒያኖ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ወጣት ሳለሁ ያጣሁትን በእርጅናዬ መለሰልኝ ብዬ ስለት አገባሁ። እዚያ ፒያኖ ላይ ብዙ ልጆች አስተማርሁ። የምጽፈው ግን ስለ አንጓች ነው።

አንጓች የዘንገና አካባቢ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ አውኚ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገረች ያደገች፤ ምናልባት በዚህ የተነሣ ጆሮዋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማል። መምህርነት ልትማር መጥታ ፒያኖ ላይ ቀረች። አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ፈተና ልትወስድ ፈለገች። ለፈተናው አንድ የሮማንቲክ ዘመን ድርሰት ያስፈልግ ነበር። አባቷ የፈቀዱላት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘንድሮ ካለፈች ትሄዳለች፤ ካላለፈች አቅራቢያቸው ካለ ትምህርት ቤት ተመድባ ትቀራለች፤ ሁለተኛ ስለ ፒያኖ አይነሣም።

ከኖታዎቼ መካከል ያንኑ መዝዛ አወጣች።

«ይኼን ተይው፤ ሌላ ምረጪ» አልኋት።

«ለምን ቲቸር?»

«እኔን አስቸግሮኛል።»

«እኔ ደግሞ ላስቸግረው» አለች።

በሁለት ወር ጣቷ ውስጥ ገባ። የፈራሁትም አብሮ መጣ። ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አንጓችዬ፣ ማንን ነው የምትድሪው?» አልኋት።

በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። አንዷ «ራሷን ነው!» አለች። አንጓች ራሷም ሳቀች፤ በሚቀጥለው ቀን ግን አልሳቀችም፤ በሦስተኛው ቀንም ያው ነበር። ምት እኩል እየቆጠረ የሚያንኳኳውን ሜትሮኖም አምጥቼ ፒያኖው ላይ አስቀመጥሁ። ጭፈራው ጠፋ፤ ሙዚቃውም አብሮት ጠፋ። የልብስ ስፌት መኪና ሆነ። ሜትሮኖሙን ስናነሣው ደግሞ ቀኝ እጇ ረዥሙ ድምፅ ላይ በቆየ ቁጥር ግራ እጇ ቀጥ ብሎ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ተያዙ።

እንባዋ መጣ። «ቲቸር፣ ስጨፍር ልክ አይደለም፤ ስቆምም ልክ አይደለም። እና ምን ላድርግ?»

ዓመታት ያለፉት መልሱን እኔም ሳላገኘው ነው። የእኔን ውድቀት ለሷ ላወርሳት ነው ብዬ ሠጋሁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም «እመቤቴ፣ እኔ የቀረብኝ ይበቃል፤ ለልጅቷ አሳዪያት» ብዬ ነበር የምመለሰው።

በዚያው ሰሞን አባቷ አቶ አለኸኝ ኮሌጅ ድረስ መጡ። ገበያ ውለው፣ በቅሏቸውን አጥሩ ላይ አስረው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው።

«መምህርት፣ ልጄ የምትለፋበትን ነገር ልየው ብዬ ነው» አሉ።

አንጓች ተጫወተች። አባትየው እስኪያልቅ አልተነቃነቁም።

«ይህ ይጨፈርበታል?» አሉኝ።

«አይጨፈርበትም።»

«ይለቀስበታል?»

«አይለቀስበትም።»

«ይቀደስበታልሳ?»

«ኧረ የለም!»

«ታዲያ ምን ይደረግበታል?»

«ይደመጣል» አልኋቸው።

«ሥራ ፈት ቢሆን ነው የሠራው» አሉ። ልጃቸው «አባዬ!» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሳቸው ግን አልተሳለቁም። «ማለቴ፣ ሲመቸው። ሰው ሲመቸው ነው ዝም ብሎ የሚያዳምጥ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነይ እስቲ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት እደሪ። ፊትሽ አልቋል። በቅሎዋን አንቺ ትቀመጫለሽ፤ እኔ በእግሬ እደርሳለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ከእኔ በፊት ክፍሉ ደርሳ ጠበቀችኝ። ሰላምታም አልጨረሰች።

«ቲቸር፣ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥሁ። ተጫወተች።

ግራ እጇ ይሄዳል። አይዘልም፣ አይቆምም፤ ይሄዳል። ሦስቱም ድምፆች አሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አልከበደም፣ ሁለቱ ለስላሶችም አልተንጠለጠሉም። ቀኝ እጇ ከላይ እንደፈለገው ይቆያል፣ ይቸኩላል፣ ይተነፍሳል፤ ግራው ዞሮም አላየው። ትከሻዬን አየሁት፤ ዝም ብሏል።

«ምን አደረግሽ?» አልኋት።

«የአባዬ በቅሎ ሰጋር ናት። ስትሰግር ላይዋ ያለ ሰው አይነቃነቅም፤ ውሃ በብርጭቆ ቢይዝ አይፈስስበትም። መንገድ ላይ ዜማውን እየዘመርሁ ሄድሁ። ያ ረዥሙ ድምፅ ላይ ስደርስ ደስ አለኝና ቆየሁበት። በቅሎዋ አልጠበቀችኝም፣ ቲቸር! ሄደች። እኔው ነኝ ሮጬ የደረስሁባት።»

«በዜማው?»

«በዜማው። አባዬ ከኋላ 'አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታንጎራጉሪ? ሰው አብዳለች ይላል' ይለኛል። ገና የቀበሌው መንገድ ላይ ሳንደርስ አካሄዷ እጄ ላይ ነበር።»

እኔ ለዓመታት ጭፈራውን ልገድለው ስታገል ነበር። ሜትሮኖም የገዛሁትም ለዚያው ነው። ለካ ሦስት ሦስት የሚል ሁሉ ጭፈራ አይደለም፤ አገሬም ውስጥ የማይጨፍር ሦስት ነበር። አካሄዱን ነበር መለወጥ፤ ደንገላሳውን ትቶ ስገሩን መያዝ። ጋሽ ምትኩ «አላየሁም ይላል» ያሉኝን ግራ እጅ ያን ቀን ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለን አልልም፤ ግን ደስ አለን። ይህ ዜማ በየጊዜው ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ጥቃቅን ድምፆች ይጨመሩበታል። አንጓች እነዚያን ለጌጥ ትጫወታቸው ነበር፤ ሹሩባ ላይ እንደሚሰካ ነገር።

«እየሰገድን እግዚኦ ስንል የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ነው?» አልኋት።

«ቃሉ አንድ ነው።»

«አንቺስ አንድ ነሽ?»

«መጀመሪያ አፌ ነው የሚለው። በኋላ ጉልበቴ ሲደክም ነው... ከልቤ የምል።»

«እንግዲህ የተጨመሩት ድምፆች እነሱ ናቸው።»

ያን ቀን ትንንሾቹ ድምፆች ጌጥ መሆናቸው ቀረ፤ ንግግር ሆኑ። ስለ ሌሊትም ተከራከርን። «ሌሊት ስልሽ ምን ትሰሚያለሽ?» ብላት «ጅብ» አለች። እኔ ማኅሌት አልኋት። ደራሲው ጅብም ማኅሌትም እንዳልሰማ ተስማማን። የእሱን ሌሊት አናውቀውም፤ ግን እሱም ቢሆን ኖታው ላይ ቃል አልጻፈም። ጸጥታውን ብቻ ነው የጻፈው። ጸጥታ ደግሞ እኛም አለን።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ ያዝኋት። መጨረሻው ላይ። ድርሰቱ ሲያልቅ ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ይደጋግማሉ። እዚያ ላይ ዝግ፣ ዝግ፣ ዝግ እያደረገች እንድትጨርስ ነገርኋት። እኔ እንደዚያ ነበር የምወደው። እሷም እንዳልኋት አደረገች። ክፍላችን መጋረጃና ወንበር የሞላበት ስለሆነ ድምፅ ቶሎ ይሞትበታል፤ ካላዘገዩት መጨረሻው የተቆረጠ ይመስላል።

ፈተናው ሲደርስ መንገዱ አልተረጋጋም ነበር። ከአባቷ ጋር ነፍሳቸውን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥተው፣ በሌሊት ከባሕር ዳር በሚመጣ መኪና ሄዱ። ኔትወርኩም በዚያ ሰሞን መጥቶ የሚሄድ ነበር። ደረሱ ይሁን አልደረሱ ሳላውቅ ሰነበትሁ። በሥራ ገበታዬ ላይ የነበርሁበት የመጨረሻው ወር ነው። የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ሆነዋል?» ይሉኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ የሰማሁት የአቶ አለኸኝን ድምፅ ነው።

«መምህርት! አለሁ! ይሰማል?»

«ይሰማል! ምን ሆነች?»

«እኔ ውጭ ነበርሁ። ስትጫወት ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ። አንድም ሰው አላጨበጨበ፣ አንድም ሰው አልተናገረ። ጉድ ሆንን፣ ነገሩ ተበላሸ ብዬ በሩን ላንኳኳ ስል...» ስልኩ ተቆረጠ።

መልሼ ብደውል አይገባም። «ወላዲተ አምላክ» እያልሁ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ። በመጨረሻ ራሷ ደወለች።

«ቲቸር፣ አልፌያለሁ! ስሜ ተለጥፏል! አባዬ ወረቀቱ ላይ ስሜን እያሳየ ለመንገደኛው ሁሉ ይነግራል።»

እልልታዬን ለቀቅሁት። ጥበቃው ከበሩ ሮጦ መጣ። አለቀስሁ፤ አመሰገንሁ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር አለ። መጨረሻውን እርስዎ እንዳሉኝ አላደረግሁም።»

«ምን አደረግሽ?»

«አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ባዶ ነው። የነካሁት ድምፅ እጄን ካነሣሁ በኋላም አልሄደም፤ ላይ ጣሪያው ጋ ይቆያል። ድምፁ ራሱ እየዘገየ ነበር። እኔም ባዘገየው ይበዛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ሄድሁ፤ አላዘገየሁም። የመጨረሻውን ነክቼ እጄን አነሣሁ። ሌላውን አዳራሹ ጨረሰው።»

ዝም አልሁ። ይህን እኔ አላስተማርኋትም። ማንም አላስተማራትም።

«ቲቸር? ተቆጡ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እየሰማሁት ነው» አልኋት።